የታሪክ ፊልም ፈተናዎች ከጎጀብ ማዶ

ከጅማ ተነስቶ ወደ ቦንጋ፣ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚያመራ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ የሚያገኘው የመሬት ገጽታ ከሰሜኑና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል እጅግ የተለየ ነው። አምባና ሰፊ ሜዳ ከኋላ ቀርተው ደን፣ ጉም፣ እንሰትና ቡና ይተካሉ። ኮረብታው ሁሉ እስከ ጫፉ ለምልሞ ይታያል። በሸለቆዎቹ ከሚወርዱት ወንዞች አብዛኞቹ ድምፃቸው እንጂ መልካቸው ከመንገድ አይታይም።

ለፊልም ባለሙያ ዐይን ይህ አገር ያለ ምንም ወጪ የተሰናዳ መድረክ መስሎ ሊታይ ይችላል። የአካባቢው ታሪክም ቢሆን ለአንድ ታላቅ የታሪክ ፊልም የሚበቃ፣ እንዲያውም የሚተርፍ ነው። ይሁንና ታሪኩን ወደ ፊልም ለመለወጥ የሚነሳ ሰው የሚገጥሙት ፈተናዎች በሌሎች የታሪክ ፊልሞች ላይ ከሚታወቁት የገንዘብና የቁሳቁስ ችግሮች ያልፋሉ። ከሁሉ የከበደው ፈተና የተፈጸመውን ነገር በምን ስም መጥራት እንደሚገባ መወሰን ነው።

በ1889 ዓ.ም፣ የአድዋ ድል አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ የሚመራ ጦር ወደ ካፋ ዘመተ። የጅማው አባ ጅፋርና ሌሎች የምዕራብ መኳንንትም ከነሠራዊታቸው ተሰልፈዋል። ካፋ በዘመኑ የራሱ ንጉሥ፣ ሚክሬቾ የሚባል የአማካሪዎች ሸንጎ፣ በድንበሩ የተቆፈሩ ጥልቅ ቦዮችና በዘበኛ የሚጠበቁ ኬላዎች የነበሩት መንግሥት ነበር። በዘመኑ የተጻፉ ዘገባዎች እንደሚያመለክቱት ከዘማቹ ወገን የነበረው ጠመንጃ በአሥር ሺዎች ሲቆጠር በካፋ በኩል የነበረው ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም ነበር። የካፋ ተዋጊ ዋነኛ መሣሪያ ጦር፣ ዋነኛ ምሽጉ ደግሞ ደኑ ነበር።

የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሼሮቾ ዋና ከተማቸው አንድራቻ ከተያዘች በኋላ እጃቸውን አልሰጡም። ደን ለደን እየተዘዋወሩ ለወራት ከተከላከሉ በኋላ በ1890 ዓ.ም መባቻ፣ እ.ኤ.አ በመስከረም 1897 ተማረኩ። ቀሪ ዘመናቸውን በግዞት አሳልፈው እ.ኤ.አ በ1919 አርፈዋል። ዘውዳቸው በአጼ ምኒልክ አማካሪ በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ወደ አውሮፓ ተወስዶ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ በ1954 ነው።

ታሪኩ ንጉሥ፣ ዘውድ፣ ከበባ፣ ምርኮና ግዞት ሁሉ ያለበት በመሆኑ በወረቀት ላይ ሲታይ የተሟላ የፊልም ድርሰት ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ችግሩ ምንድነው?

ታላቅ የታሪክ ፊልም በማንኛውም አገር ውድ ሥራ ነው። ለሌላ ዓይነት ፊልም የዛሬ ቤት፣ የዛሬ ልብስና የዛሬ መንገድ ይበቃል። የታሪክ ፊልም ግን በካሜራው ፊት የሚታየው እያንዳንዱ ነገር እንደገና መሠራት አለበት፤ ቤቱ፣ ልብሱ፣ ኮርቻው፣ የሸክላ ዕቃው፣ የጦሩ ዘንግ ሳይቀር። ሰርጌይ ቦንዳርቹክ እ.ኤ.አ በ1970 ለእይታ በበቃው “ዋተርሉ” በተሰኘው ፊልም ከ15 ሺህ የማያንሱ የሶቪየት ወታደሮችን በአጃቢነት ማሰለፍ የቻለው መንግሥት ሠራዊቱን ስላዋሰው ነበር። የሊቢያውን አርበኛ ኦማር ሙክታርን ታሪክ የሚተርከውና እ.ኤ.አ በ1981 የወጣው “የበረሃው አንበሳ” 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ሲሆን ወጪውን የሸፈነው የሊቢያ መንግሥት ነው። ፊልሙ ወጪውን ሳይመልስ ከመቅረቱም በላይ በጣሊያን ለብዙ ዓመታት እንዳይታይ ታግዷል።

በአፍሪካ የታሪክ ፊልም መንገድ ላይ የቀሩ ሥራዎችም ጥቂት አይደሉም። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ፈረንሳይን ለዓመታት የተዋጋውን የሳሞሪ ቱሬን ታሪክ በታላቅ ፊልም የመሥራት ምኞቱን ለብዙ አሥርት ዓመታት ይዞ ቆይቶ ሳይፈጽመው እ.ኤ.አ በ2007 አረፈ። ሞሪታኒያዊው ሜድ ሆንዶ በተቃራኒው ተሳክቶለታል። እ.ኤ.አ በ1899 በዛሬዋ ኒጀር የፈረንሳይን ዘማች ጦር የተቋቋመችውን የንግሥት ሳራውንያን ታሪክ በኒጀር ለመቅረጽ አቅዶ የአገሪቱ መንግሥት ድጋፉን በማንሳቱ ቀረጻውን ወደ ቡርኪና ፋሶ ለማዛወር ተገደደ። ፊልሙ እ.ኤ.አ በ1987 በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። የሳራውንያ ታሪክ ለካፋው ታሪክ ከብዙዎቹ ይልቅ የሚቀርብ ነው፤ ጥቂት መሣሪያ ያለው ሕዝብ የሚያውቀውን መሬት እንደ ጋሻ የተጠቀመበት ታሪክ በመሆኑ።

የኢትዮጵያ ፊልም ልምድም ይህንኑ ያሳያል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ “ሳንኮፋ” ለተሰኘውና እ.ኤ.አ በ1993 ለታየው ፊልማቸው አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋውን ወጪ ለማሰባሰብ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። እ.ኤ.አ በ2008 በቬኒስ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በፌስፓኮ የተሸለመው “ጤዛ” ከሐሳብ እስከ ፍጻሜ 14 ዓመት የወሰደ ሲሆን የኢትዮጵያው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ የጀርመኑን ክፍል ለመቀጠል ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆኗል። እኚሁ ባለሙያ እ.ኤ.አ በ1999 ባወጡት “አድዋ” በተሰኘው ፊልም ሠራዊት አላሰለፉም። የአረጋውያንን ትረካ፣ ሥዕልን፣ ዜማንና የአድዋን ተራሮች አስተባብረው ዘጋቢ ፊልም ሠሩ። የአበበ ቢቂላን ሕይወት የሚተርከው “አትሌቱ” በበኩሉ የ1960 የሮም ኦሊምፒክን ለማሳየት በወቅቱ የተቀረጸውን እውነተኛ ምስል ከትወናው ጋር አዋሕዷል።

እነዚህ ሁለት መፍትሔዎች በካፋ ታሪክ ላይ እንዳሉ ሊሠሩ አይችሉም። የአድዋ ተራራ ዛሬም ቆሟል፤ ካሜራ ሲዞርለት ምን እንደተፈጸመ ለተመልካቹ ግማሹን ይነግረዋል። የካፋ ጦርነት የተካሄደው ግን አንዱ ወገን ሌላውን በማያይበት ደን ውስጥ ነው። በ1889 ዓ.ም ደግሞ በስፍራው ተንቀሳቃሽ ምስል የሚቀርጽ ሰው አልነበረም።

ደንን መቅረጽ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ተመልካች የለመደው የጦርነት ፊልም ኮረብታ ላይ ቆሞ ሁለቱንም ጦር በአንድ እይታ የሚያሳይ ነው፤ ፈረሰኛው ይጋልባል፣ አቧራው ይነሳል፣ ሰንደቁ ይውለበለባል። ከቦንጋ እስከ ቴፒ ባለው ደን ይህ አይቻልም። ድሮን ወደ ላይ ቢላክ የዛፍ አናት እንጂ ከሥሩ ያለውን ሰው አያሳይም። ከዛፉ ሥር ያለው ብርሃንም ለካሜራ አመቺ አይደለም። ቅጠል አልፎ የሚወርደው ፀሐይ የአንዱን ተዋናይ ግማሽ ፊት ሲያነጣው ሌላውን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል። ደመና ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይደበዝዛል። ይህን ለማስተካከል ከባድ መብራት፣ ለመብራቱም ጄነሬተር፣ ለጄነሬተሩም የጭነት መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው የሚገባበት መንገድ ደግሞ በዝናብ ወራት ጭቃ ነው። እርጥበቱ የካሜራ ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። የነፍሳቱ፣ የወፉና የጉሬዛው ድምፅ የተዋናዩን ንግግር ስለሚውጠው ብዙውን ጊዜ ድምፁን እንደገና በስቱዲዮ መቅዳት ግድ ይላል።

ብልህ አዘጋጅ ይህን ሁሉ እንቅፋት ወደ ጥቅም ሊለውጠው እንደሚችል አያጠራጥርም። የማይታይ ጠላት ከሚታየው ይልቅ ያስፈራል፤ የዘማቹ ወታደር ፍርሃትም ይኸው ነበር። ስለዚህ የካፋን ጦርነት እንደ አድዋ አስመስሎ ለመቅረጽ የሚሞክር ሰው ገንዘቡንም ታሪኩንም ያባክናል። በደን ውስጥ የሚሰማ የቅርንጫፍ ስብራት፣ የተሸፈነ ቦይ፣ የተዘጋ ኬላና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጦር ከሺህ ፈረሰኛ ይልቅ ለእውነቱ የቀረቡ ናቸው፤ ወጪያቸውም ያነሰ ነው።

የቀረጻው ወቅት ሌላው ራስ ምታት ነው። ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ እጅግ ዝናባማ አካባቢ ሲሆን ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ለቀረጻ የሚመቸው ደረቅ ወቅት በጥቅሉ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። እነዚህ ወራት ግን የቡና ናቸው። በቴፒና በበበቃ ቆላማ አካባቢዎች መስከረም ማብቂያ ላይ የሚጀምረው የቡና ለቀማ ወደ ደጋው እየወጣ እስከ ታኅሣሥና ጥር ይቀጥላል። አጃቢ ተዋናይ ሊሆን የሚችለው ወጣትም፣ የበቅሎ ባለቤቱም፣ መኪና አከራዩም በዚያ ሰሞን ሥራ ላይ ነው። ለቃሚ በሚለቅመው ቡና ክብደት ስለሚከፈለው ለፊልም ሲል አንድ ቀን ቢቀር የቀኑን ገቢ ያጣል። በወቅቱ ያልተለቀመ ቀይ ቡናም ጥራቱ ይቀንሳል፣ መሬት ላይም ይረግፋል። በመሆኑም ለአምስት መቶ አጃቢ ተዋንያን ወጪ የሚያሰላ ፕሮዲዩሰር የፊልም ዋጋን ሳይሆን የቡና ዋጋን መመልከት ይኖርበታል። ይህን ሳያውቅ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሚዛን ተፈሪ የሚደርስ የቀረጻ ቡድን ሰው ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል።

የመሬቱ ገጽታም ቢሆን የ1889ኙ አይደለም። የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በመስመር የተተከለ ቡና፣ ለጥላ የመጣው ግራቪሊያ፣ በቦንጋ አቅራቢያ ያለው የውሽውሽ ሻይ፣ ባሕር ዛፉ፣ የቆርቆሮው ጣሪያና የስልክ ማማው ከካሜራው ክልል ውጪ መሆን አለባቸው። ከተሞቹም በአብዛኛው አዲስ ናቸው፤ ሚዛን ተፈሪ ራሷ ስሟ እንደሚያመለክተው የኋላ ዘመን ከተማ ናት። የጥንቱን መልክ የያዘው ደን አሁንም ቢኖርም እ.ኤ.አ በ2010 የካፋ፣ በ2012 ደግሞ የሸካ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግበዋል። በእነዚህ ክልሎች እምብርት ዛፍ ቆርጦ መንገድ ማውጣት፣ ምሽግ መቆፈር ወይም እሳት መለኮስ አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። የጦርነት ፊልም ደግሞ ያለ እሳትና ያለ ጉድጓድ እምብዛም አይሠራም። ስለዚህ ቀረጻው በደኑ ዳርና ቀደም ሲል በታረሰ መሬት ላይ እንዲወሰን ማድረግ የግድ ነው።

ለአልባሳትና ለቤት አሠራር መነሻ የሚሆን መረጃ ግን ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ወዲያውኑ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ የተጓዘው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ያየውን ጽፎ አሳትሟል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ካፋን ጎብኝቶ ሁለት ጥራዝ መጽሐፍ ያዘጋጀ ሲሆን የሰበሰባቸው ቁሳቁሶች በቪየና ሙዚየም ይገኛሉ። ችግሩ ሁለቱም የደረሱት አንድራቻ ከወደቀች በኋላ መሆኑ ነው። ቡላቶቪች የተጓዘው ከአሸናፊው ጋር ነው፤ ቢበር ደግሞ የሰማው ካለፈ ነገር ትዝታ ነው። የንጉሡን ግቢ በክብሩ ሳለ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ስለሌለ አዘጋጁ የሚያቆመው እያንዳንዱ ምሰሶ በከፊል ግምት መሆኑ አይቀርም።

ሌላው ምንጭ የአፍ ታሪክ ነው፤ በዚህም ላይ እውነተኛው አደጋ ይመጣል። በማዕከል የተጻፈው ታሪክ ይህን ጦርነት ለረጅም ጊዜ “ማቅናት” ሲለው ኖሯል። በካፋ ወገን የሚነገረው ደግሞ የአንድ መንግሥት ፍጻሜ ነው። ገለልተኛ ለመሆን የሚሻ “ዘመቻ” ይላል፤ ሌላው “ወረራ” ይላል። የፊልም አዘጋጅ ይህን ክርክር ሊሸሸው አይችልም፤ ምክንያቱም ተመልካቹ የመጀመሪያውን ምስል ከማየቱ በፊት በጥቁሩ ገጽ ላይ የምትወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ከእነዚህ ቃላት አንዱን መያዟ አይቀርም።

ከጦርነቱ በኋላ የተከተለው ዘመንም ቀላል አይደለም። የባሪያ ፍንገላ በካፋ፣ በውጭ ሰዎች “ጊሚራ” ይባል በነበረው የቤንችና የአጎራባቾቹ ምድር እንዲሁም በማጂ የሕዝቡን ቁጥር ክፉኛ አመንምኗል። ዛሬ በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ የሚኖሩ ቤተሰቦች አያቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። በአንጻሩ የካፋ መንግሥትም በራሱ ዘመን ባሪያ የነበረበት፣ ኬላውንና ድንበሩን ይጠብቁ የነበሩት የማንጆ ወገኖች ደግሞ በማኅበረሰቡ ዝቅ ተደርገው የታዩበት ሥርዓት ነበር። ንጉሡን ብቻ ጀግና አድርጎ ኬላ ጠባቂውን ከጀርባ የሚያቆም ፊልም የተሟላ ታሪክ አይደለም። የዘማቹንም ተራ ወታደር፣ ከሸዋ ወይም ከጅማ ተነስቶ በማያውቀው ደን በወባና በረሃብ የወደቀውን፣ ሰው አድርጎ ማሳየት ይገባል። ሁለቱንም ወገን በአንድ ፊልም ውስጥ ሰው ማድረግ ከአምስት መቶ አጃቢ ተዋንያን ይልቅ ይከብዳል፤ ነገር ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

ቋንቋም አለ። ንጉሡና ሸንጎው የሚነጋገሩት በካፊ ኖኖ ነው። በአማርኛ ቢናገሩ ለሲኒማ ቤት ተመልካች ይቀላል፤ የጦርነቱ አንዱ ገጽታ፣ ማለትም ሁለቱ ወገኖች ያለ አስተርጓሚ አለመግባባታቸው፣ ግን ይጠፋል። አስተርጓሚው ራሱ በእንዲህ ያለ ፊልም ውስጥ ዋነኛ ገጸ ባሕርይ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። በካፊ ኖኖ የሚተውኑ ባለሙያዎችን ማሠልጠን፣ በግርጌ ጽሑፍ ማጀብ፣ ተመልካቹንም ማንበብ ማስለመድ ጊዜ ይጠይቃል። በአገራችን በዲጂታል ካሜራ የሚሠሩ ፊልሞች እ.ኤ.አ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲበራከቱ አብዛኞቹ በአዲስ አበባ፣ በኪራይ ቤት፣ በጥቂት ሳምንታት የሚጠናቀቁ የፍቅርና የአስቂኝ ታሪኮች መሆናቸው የባለሙያው ስንፍና አይደለም። ከትኬት የሚገኘው ገቢ የሚችለው ያንን ነው። በ2010 ዓ.ም የጸደቀው የፊልም ፖሊሲ ለዘርፉ ትኩረት የሰጠ ቢሆንም ታላቅ የታሪክ ፊልም በትኬት ገቢ ብቻ ሊሠራ እንደማይችል የሊቢያውም የሶቪየቱም ልምድ ያሳያል።

ከዚሁ ምድር ትንሽ ቀለል ያለ ሌላ ታሪክም አለ። ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ጊዜያዊ መቀመጫ ጎሬ ነበረች። ራስ እምሩ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖች ከነበሩበት ከጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ ካፈገፈጉ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጥተዋል። ለፊልም ሠሪ ይህ ታሪክ ይበልጥ ይቀርባል፤ ጥቂት ሰው፣ ረጅም ጉዞ፣ በመጨረሻም ወንዝ። አለባበሱ በፎቶግራፍ ይታወቃል። የዘመኑ ተንቀሳቃሽ ምስልም አለ፤ ሆኖም ብዙው የሚገኘው እ.ኤ.አ በ1924 በተቋቋመው የሮሙ ሉቼ ተቋም ክምችት ውስጥ ነው። የተቀረጸውም በወራሪው ካሜራ፣ ለወራሪው ፕሮፓጋንዳ ነው። ያንን ምስል በፊልሙ ውስጥ የሚያስገባ አዘጋጅ ሰውየው ከተቀረጸበት ማዕዘን ጋር መታገል ይኖርበታል።

ለሁለቱም ታሪኮች ቢሆን ቀዳሚው መሣሪያ ካሜራ ሳይሆን የድምፅ መቅጃ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። የ1889ኙን ጦርነት ከዐይን ምስክር የሰሙ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ እጅግ አርጅተዋል። ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ በሚዛንና በቴፒ ግቢዎች የሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው። ፊልሙ አሥራ አራት ዓመት ቢፈጅ ቃሉ ግን ያን ያህል ሊጠብቅ አይችልም።

ከሚነገሩት ቃሎች አንዱ ስለ ታቶ ጋኪ ሼሮቾ ነው። ንጉሡ ተማርከው ጎጀብን ሲሻገሩ የንግሥና የወርቅ ቀለበታቸውን አውልቀው ወደ ወንዙ እንደወረወሩት ይተረካል። ማንኛውም የፊልም አዘጋጅ ይህን ትዕይንት መተው አይፈልግም፤ የታሪክ አማካሪው ደግሞ ማስረጃ ይጠይቃል። ይቀረጽ ቢባል እንኳ ምርኮው በመስከረም በመሆኑ ትክክለኛው ጎጀብ የሞላውና የደፈረሰው የመስከረሙ ነው። በዚያ ሰሞን ዝናቡ ገና አላቆመም፤ በቴፒና በበበቃ ደግሞ ቀዩ ቡና መብሰል ጀምሯል።